ሥራ አስኪያጁን ቢራ ያሸከመ ድግስ

ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ በጥቂቱ አጥሮ እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ባለፈው ሐምሌ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስቀበል ቤተሰቦቼ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ጥለው ደገሱልኝ፤ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎችም ተጠርተው መጡ። ሥራ አስኪያጃችን አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጂንስና ሸሚዝ የሚያዘወትር ሰው ነው። አባቴ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበሉ ነበርና ሁለቱን አገናኝቼ ‹ተዋወቁ› አልኩ፤ ኬኩ መጥቷል ስለ ተባልኩ ግን ወዲያው ሮጥኩ። አባቴ ለመስተንግዶ ከተቀጠሩት ልጆች አንዱ መስሏቸው ‹ጎበዝ፣ እስቲ እነዚያን ሳጥኖች ወደ ውስጥ አስገባልኝ› ብለው ቢራ አሸከሙት። እርሱም አንድም ቃል ሳይመልስ ሁሉንም አስገባ። ማታ ማንነቱን ሲሰሙ አባቴ ‹በገዛ ቤቴ አሳጣሽኝ› ብለው አኮረፉኝ። ሥራ አስኪያጁ ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፊቱን ለማየት አፍራለሁ።

«በዚያው ቀን አጎቴ ለአንዲት ሙስሊም ባልደረባዬ እጃቸውን ቢዘረጉላት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። አጎቴ ‹ሰላምታ የነፈገችኝ› እያሉ እስከ ዛሬ ያነሡብኛል። አንድ የውጭ አገር ባልደረባችን ደግሞ እናቴን በአባቴ ስም ‹ወይዘሮ እገሌ› ብሎ ጠራትና ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

«አሁን የሚያስጨንቀኝ የሚመጣው ነው። የወደድኩት ሰው ለገና ከአሜሪካ ይመጣል። ያደገው ቨርጂኒያ ነው። አማርኛ ይናገራል፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚለው። እናቴን በስልክ ‹ደህና ነሽ?› ሲላት ክው አልኩ። ሽማግሌ ገና አልላከም። ለአባቴ ምን ብዬ ላስተዋውቀው? የሰው ስም ቶሎ የመርሳት ችግርም አለብኝ። እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ዕድሜሽን ገና ከመግቢያው ስለ ነገርሽኝ አንቺ እያልኩ እጽፍልሻለሁ። ባትነግሪኝ ኖሮ እርስዎ ብዬ እጀምር ነበር። ከፍ አድርጎ የጀመረ ሰው፣ ተጠሪው ራሱ «ኧረ አንተ በለኝ» ሲለው በደስታ ዝቅ ይላል። ዝቅ አድርጎ የጀመረ ግን በኋላ ሰውየው ማን እንደሆነ ሰምቶ ወደ እርስዎ ሲዞር ያስታውቅበታል። ይህን ያዢልኝ፤ ወደ ቨርጂኒያው ልጅ ስንደርስ ያስፈልገናል።

በቢራው ሳጥን ልጀምር። አባትሽ አላጠፉም፤ ሥራ አስኪያጃችሁም አላጠፋም። ጥፋቱ «ተዋወቁ» ብለሽ የሮጥሽበት ላይ ነው፤ በዚህ ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። በአገራችን ብዙ ሰው ማስተዋወቅ የሚለው ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት አቁሞ «ተዋወቁ» ማለትን ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ስማቸውን ያልጎመጉማሉ፤ አንዱም የሌላውን አይሰማም፤ «ደስ ብሎኛል» ይባባላሉ። ከዚያ ዝም። አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሌላው ስለ ዝናቡ ያነሣል። ስምን ደግሞ መጠየቅ ያሳፍራልና ለዓመታት «ወንድሜ»፣ «እህቴ» እየተባባሉ በአንድ ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ሞልተዋል።

አስቢው፤ በዚያ ሰዓት ድንኳኑ በር ላይ ከቆማችሁት ሦስት ሰዎች ሁለቱንም የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። የምታውቂውን ሳትናገሪ ስትሄጂ ሁለቱ በመልክና በልብስ ብቻ ሊመዛዘኑ ቀሩ። አባትሽ ያዩት ጂንስ የለበሰ፣ ጉልበት ያለው ወጣት ነው። ደግሞም ድግስ ያለበት ቤት ውስጥ ባዶ እጁን የቆመ ወጣት ሲገኝ ሥራ ይሰጠዋል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?

እንዲህ ብትዪ ኖሮስ? «አባዬ፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ አበበ ናቸው፤ ለትምህርቴ ፈቃድ የሰጡኝ እርሳቸው ናቸው። አቶ አበበ፣ አባቴ አቶ ከበደ።» ስሞቹን እንደ ምሳሌ ውሰጃቸው። ይህን ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ኬኩን አያበላሽም ነበር። በቢሮ ሥራ አስኪያጁን አንተ የምትዪው ቢሆን እንኳ፣ በአባትሽ ፊት ስታስተዋውቂው አንቱታውን አትንፈጊው። አባትሽ እንግዳውን በየትኛው መጥራት እንዳለባቸው የሚማሩት ከአንቺ አፍ ነው። «አለቃዬ ነው» ካልሻቸው «ነው» የምትለዋ አንድ ቃል ብቻ ሰውየውን ወደ እኩያሽ ታወርደዋለች።

የአባትሽንም ስም እንደ ጨመርኩ ልብ በዪ። ብዙ ልጆች «አባቴ ናቸው» ብለው ያቆማሉ። እንግዳው ምን ብሎ ይጥራቸው? ወይ «አባባ» ብሎ ሳይዛመድ ይዛመዳል፣ ወይ እስኪሄድ ድረስ ስም ሳይጠራ እየተሽኮረመመ ይቀመጣል። ሰውን ያለ ስም ማስተዋወቅ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ማን ለማን ይቅረብ የሚለው በሌላው ዓለም ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሣ ነገር ነው። አምባሳደሮች ማን ይቅደም በሚል ሲናከሱ ኖረው፣ በመጨረሻ መፍትሔ የተገኘው የአገርን ትልቅነት ወደ ጎን በመተው ነው፤ በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቪየና የተፈረመው ስምምነት አምባሳደሮችን ማዕረጋቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ሥራ በጀመሩበት ቀንና ሰዓት ያስቀድማቸዋል። አዲስ አበባን በመሰለች የአምባሳደሮች ከተማ ይህ ትልቅ ግልግል ነው። የአውሮፓ የጨዋነት መጻሕፍት ደግሞ ወንዱን ለሴቷ አቅርብ ይላሉ። በእኛ ቤት ዕድሜ ከጾታም ከሥልጣንም ይቀድማል፤ ታናሹ ለታላቁ ይቀርባል። ይህም ማለት ታላቁ አስቀድሞ ተጠርቶ እንግዳው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይሰማል ማለት ነው። አባትሽ በዚያ ላይ የቤቱ ጌታ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሚኒስትር ቢሆን ኖሮም «አባዬ» ብለሽ ትጀምሪ ነበር። አንድ ቀን አባትሽ ቢሮሽ ድረስ ቢመጡም ሥርዓቱ ያው ነው። ቄስ ወይም ሼህ ካሉ ግን ዕድሜያቸው ቢያንስም ይቀድማሉ።

ከስምና ከሥራ በኋላ ሁለቱ ሲቀሩ የሚነጋገሩበት ነገር ስጫቸው፤ «አባቴም እንደ እርስዎ የኳስ ነገር አይሆንላቸውም»፣ «እርሳቸውም ጅማ ነው የተማሩት» የመሳሰለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። «አገርህ ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ዘመድ ፍለጋ ነበር። ሽማግሌዎች በወንዝና በደብር ተጠያይቀው አንድ የጋራ ዘመድ ሳያገኙ ጨዋታ አይጀምሩም ነበር። ዛሬ የተጠየቀው ሰው ከመመለሱ በፊት ለምን እንደ ተጠየቀ ያስባል። ስለዚህ ስታስተዋውቂ «እርሱ የእንዲህ አገር ልጅ ነው» ብለሽ አታቅርቢ። ራሱ ካነሣው የራሱ ጉዳይ ነው። ትዳርን፣ ልጅ መውለድን፣ ደመወዝንም እንዲሁ ተዪ። «ወፍረሻል» የምትለዋን የዘመድ ሰላምታ ግን እኔም አንቺም አናስቆማትም።

ማዕረግ ላይ አትገምቺ። ወይዘሮና ወይዘሪት እየተደባለቁ ስንት ሴቶችን እንዳስከፉ ቆጥሬ አልጨርስም። ሙያዋን ካወቅሽ በሙያዋ ጥሪያት፤ ካላወቅሽ ቀደም ብለሽ በጆሮዋ ጠይቂያት። ቀልደኞች ደርግ ሁሉንም «ጓድ» ብሎ በመጥራቱ ቢያንስ ከዚህ ራስ ምታት ገላግሎን ነበር ይላሉ።

የውጭ አገሩ ባልደረባችሁም ቢሆን ተወቃሿ ያስተዋወቀችው ሰው ናት። በእርሱ አገር ሚስት በባሏ የቤተሰብ ስም ትጠራለች። በእኛ ዘንድ ከስማችን ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን ይዛ ትቀራለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረን ጽፎ ነበር፤ ልማዱ አልተቀበለውም። ስለዚህ ለውጭ ሰው ስታስተዋውቂ «እናቴ ወይዘሮ እገሊት ናቸው፤ ወይዘሮ እገሊት ብለህ ጥራቸው» ብለሽ ጨርሺው። እርሱም ይድናል፣ እናትሽም በባላቸው ስም አይጠሩም።

አሁን ከአባትሽ ጋር እንዴት ትታረቂያለሽ? ያኮረፉት ሥራ አስኪያጁ ቢራ ስለ ተሸከመ ብቻ እንዳይመስልሽ። በር ላይ የቆሙት እንግዳ ሊያከብሩ ነበር፤ ያ የእርሳቸው ድርሻ ነው። ማንነቱን ሳትነግሪያቸው ስትሄጂ በገዛ ደጃፋቸው እንግዳ የሚያዝዙ ሰው አደረግሻቸው። «አይዞዎት፣ እርሱ እኮ አልተቀየመም» ብለሽ ካጽናናሻቸው ነገሩ አልገባሽም ማለት ነው። «አባዬ፣ ሳልነግርዎ ሄጄ ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ» በያቸው። ምክንያት አትደርድሪ፤ ኬኩንም አታንሺው።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ፣ ይህን ሰው ሳላየው ወደድኩት። «እኔ እኮ ሥራ አስኪያጇ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። ቢል ኖሮ አንድ ሽማግሌ በደጃፋቸው፣ በእንግዶቻቸው ፊት ያፍሩ ነበር። እርሱ ሳጥኑን መሸከም መረጠ። ደህና አድርገው ያሳደጉት ሰው ነው። ስለዚህ ረጅም የይቅርታ መልእክት በስልክ አትላኪለት፤ አንቺን የማጽናናት ሥራ ትጨምሪበታለሽ። አንድ እሑድ ቡና ጥሪው። አባትሽ በር ድረስ ወጥተው ይቀበሉት፤ አንቺም ሁለቱን እንደ አዲስ፣ በሙሉ ስምና በሙሉ አክብሮት አስተዋውቂያቸው። የሳጥኑን ነገር አባትሽ ካነሡት ሦስታችሁም ትስቃላችሁ፤ ካላነሡት አንቺ አታንሺው።

ወደ አጎትሽ ልለፍ። አጎትሽ ሰላምታ አልተነፈጉም። ባልደረባሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ያ ሙሉ ሰላምታ ነው። ሃይማኖታቸውን አጥብቀው ከሚይዙ ሙስሊሞች መካከል ዘመዳቸው ያልሆነን ወንድ የማይጨብጡ ሴቶች አሉ፤ ሴት የማይጨብጡ ወንዶችም አሉ። ሁሉም እንዲህ አያደርጉም፤ ስለዚህ መገመት አይቻልም፤ መጠበቅ ግን ይቻላል። ወንድ የሆነ ሰው ለማያውቃት ሴት እጁን ከመዘርጋቱ በፊት እርሷ እስክትዘረጋ ይታገሥ፤ ካልዘረጋች እርሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጤና ይስጥልኝ» ይበል። ማንም እጁ አየር ላይ አይቀርበትም።

አጎትሽ «ይህ አዲስ ነገር ነው» ካሉሽ 2012 ዓ.ም.ን አስታውሺያቸው። በመጋቢት የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በሚያዝያ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ሰላምታ ለመስጠት እጅ መጨባበጥ ተከለከለ። ያኔ ስንት ትልልቅ ሰው እጁን ደረቱ ላይ እያደረገ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ከረመ? ተናቅሁ ያለ ሰው አልሰማሁም። አጎትሽ ራሳቸው ሳያደርጉት አልቀሩም። ለባልደረባሽ ደግሞ አጎትሽን ወክለሽ ይቅርታ አትጠይቂያት፤ እርሷ ምናልባት ነገሩን ከልብም አልጻፈችው። በሌላ ጊዜ ስታስተዋውቂያት ግን ጥቂት ቀድመሽ «አጎቴ፣ ወይዘሪት እገሊት እጅ አትጨብጥም» ብለሽ ሹክ ብትዪ ሁለቱንም ታሳርፊያለሽ።

ስም መርሳቱ ቀላሉ ነው። አገራችን ለዚህ ብዙ ዘዴ አፍርታለች። አንዱ «እናንተ አትተዋወቁም እንዴ?» ብሎ ሁለቱ ስማቸውን እስኪናገሩ መጠበቅ ነው። ሌላው ስልክ አውጥቶ «ስምህን ማን ብዬ ልመዝግበው?» ማለት ነው፤ ሰውየው «አበበ ብለህ ነዋ!» ሲል የሚመጣውን ዝምታ ግን መቻል ነው። እኔ የምመክርሽ በግልጽ መጠየቅን ነው። «ፊትዎን አልረሳሁትም፣ ስምዎ ግን አሁን ጠፋኝ» ብትዪ የሚቀየም ሰው ጥቂት ነው። ስትተዋወቂ ደግሞ ስሙን ወዲያው ደግመሽ ጥሪው፤ ካልሰማሽው እዚያው «ይቅርታ፣ ማን አልከኝ?» በዪ። በመጀመሪያው ደቂቃ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በስድስተኛው ወር ነው።

የቨርጂኒያው ልጅ ላይ ደረስን።

ስለ አንተና አንቺው አትፍረጂበት። አሜሪካ ውስጥ በአበሻ ቤት ያደገ ልጅ አማርኛውን የተማረው ለእርሱ ከተነገረው ነው። እናቱ «ብላ» ትለዋለች፣ አባቱ «ና» ይሉታል፣ አክስቱ በስልክ «እንዴት ነህ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ማን እርስዎ ብሎት ያውቃል? እዚህ ያደገ ልጅ እናቱ ጎረቤቷን፣ ባለሱቁን፣ መምህሩን እርስዎ ስትል እየሰማ ይቀዳል፤ እርሱ ከበር ሲወጣ የሚሰማው እንግሊዝኛ ነው። እዚህም ቢሆን ቤቱ እንደ አገሩ ይለያያል፤ በአዲስ አበባ እናቱን አንቺ የሚል ልጅ ሞልቷል፣ በገጠር ደግሞ ወላጆቹን አንቱ የሚል አለ። የእናንተን ቤት ሥርዓት ልጁ በስልክ ሊያውቅ አይችልም። የምታስተምሪው አንቺ ነሽ።

ሁሉንም የግስ እርባታ ልታስጠኚው አትሞክሪ፤ ልጁ ፈተና ሊቀመጥ አይደለም የሚመጣው። የሚያስፈልጉትን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ስጪው። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋሉ?» «ደህና ነዎት?» «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» «ይቀመጡ፣ እኔ እነሣለሁ።» እነዚህን በስልክ ይለማመዳቸው፤ መለማመጃው ደግሞ እናትሽ ይሁኑ። «እርስዎ ደህና ነህ?» ቢል ይሳቁና ያርሙት። በዕለቱ ግን በሰው ፊት ማንም እንዳያርመው፤ አንቺም ጭምር። ለታናናሾችሽና ለአጎትሽ ቀድመሽ ንገሪ፤ አንተ ቢላቸው ከቋንቋ እጥረት እንጂ ከንቀት እንዳይቆጥሩት። ትልልቅ ሰዎች ሲሞክር ያዩትን ልጅ ይወዱታል።

አጠራሩ ላይ፣ አባትሽን «ጋሽ ከበደ»፣ እናትሽን «እትዬ እገሊት» ይበል። በባዶ ስማቸው የአሜሪካ ልማድ ሆኖበት እንዳይጠራቸው፤ «አባባ»ንም ለጊዜው ይተወው። የሚፈቅዱለት ራሳቸው ናቸው።

አካሉም ይማር። አሜሪካ ውስጥ ልጆችን እጅ ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ ተናገር እያሉ ያሳድጓቸዋል። እዚህ በሽማግሌ ፊት ይህ ድፍረት ይመስላል። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ በስሱ ይጨብጥ። አባትሽ ስበው ጉንጩን ቢስሙት አይደንግጥ፤ ስሞሹ መቼ እንደሚያበቃ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ወጥ የነካው እጅ ያለው ሰው የእጁን አንጓ ቢዘረጋለት አንጓውን ይጨብጥ። አባትሽ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣ፤ ሌሎቹ «ኖር» ሲሉ እርሱም ይበል፤ ገቢው «በእግዜር» ብሎ እስኪቀመጥ አይቀመጥ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይተወው።

ዋናው ጥያቄሽ ለአባትሽ ምን ብለሽ እንደምታስተዋውቂው ነው። በብዙ ቤት ሽማግሌ ሳይላክ ልጅቷ አባቷ ፊት ቆማ «እጮኛዬ ነው» አትልም። አባት ነገሩን የሚሰሙት ከሽማግሌ አፍ ነው፤ ቢያውቁም እንዳላወቁ ሆነው ይቆያሉ። ይህን ሥርዓት ዘለሽ ከገባሽ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባትሽ የሚሰጡት መልስ ያልቅባቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ «የሥራ ባልደረባዬ ነው» ብለሽ እንዳትዋሺ። ከወር በኋላ ሽማግሌ ሲቆም «ያ ባልደረባ?» ብለው ሁለተኛ ጊዜ ያኮርፉሻል፤ በዚህኛው ደግሞ ከእርሳቸው ጋር እቆማለሁ።

መንገዱ በእናትሽ በኩል ነው። እናትሽ ልጁን በስልክም ቢሆን ያውቁታል። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚመጣ ለአባትሽ ቀስ ብለው ያንሡላቸው። አባትሽ «እንግዲህ ይምጣና እናየዋለን» ወይም ዝም ካሉ ይበቃል። ዝምታቸውን የሚተረጉሙት ደግሞ እናትሽ ናቸው፤ አንቺ እዚያ ውስጥ አትግቢ።

ልጁ ብቻውን አይምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ አክስት ወይም አጎት ይኖረዋል፤ ከእነርሱ ጋር ይምጣ። ያኔ በመጀመሪያ የምታስተዋውቂው እርሱን ሳይሆን አክስቱን ነው። «አባዬ፣ ወይዘሮ እገሊት ናቸው። ይህ የወንድማቸው ልጅ ዳንኤል ነው፤ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ከአሜሪካ መጥቶ ነው።» ለአክስቱም የአባትሽን ስም ትነግሪያለሽ። በተናገርሽው ውስጥ አንድም ውሸት የለም፤ ያልተነገረውን አባትሽ ያውቁታል፣ እንዳልተነገረም ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ወሬውን አክስትየዋ ከአባትሽ ጋር ትቀጥለዋለች፤ አንቺ ቡናው ዘንድ ሂጂ። በዚህኛው ቀን መሄድሽ ተገቢ ነው፤ የሚነገረው ሁሉ ተነግሯልና።

ባዶ እጁን አይምጣ። ግን ልብ በዪ፤ ከገና በፊት ከደረሰና ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው። ክሬም የተቀባ ኬክ ይዞ ገብቶ እናትሽ ፊት እንዳያስቀምጥ። ፍራፍሬ ወይም ድፎ ዳቦ ያምጣ። ለአባትሽ ከአሜሪካ ውድ ስጦታ ይዤ ልምጣ ካለሽ ይህም ይቅር በዪው፤ ለመጀመሪያ ቀን ውድ ነገር መስጠት መልስ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

ከሁሉ በፊት እናትሽን በዚህ ሳምንት አነጋግሪ። ሽማግሌዎቹ በጥር የሚላኩ ከሆነ አባትሽ «እናስብበት» የሚሉበት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የልጁ የመመለሻ ትኬትም ይህን ታሳቢ አድርጎ ይቆረጥ።